ክኒን፣ ኦፕራሲዮን ወይስ መጠበቅ? ፕሮስቴት ላስቸገራቸው የድሬና የሐረር አባቶች

አጎቴን ጉንፋን ያዛቸው። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የጀመረው። ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት አፍንጫ የሚከፍት ክኒን ገዙና ማታ ውጠው ተኙ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «እስቲ ና ልጄ፣ ሽንት እምቢ አለኝ» አሉኝ። አጎቴ በትንሽ በትልቁ ሰው የሚቀሰቅሱ ሰው አይደሉም። ስደርስ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከእምብርታቸው በታች ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። መቀመጥም መቆምም አቅቷቸዋል።

ባጃጅ አግኝተን ሆስፒታል ደረስን። ነርሱ ቱቦ አስገባላቸው። ከረጢቱ ዓይናችን እያየ ሞላ፤ ከአንድ ሊትር አለፈ። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» ብቻ አሉ። እንደዚያ ከልብ የወጣ ተመስገን ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሙ የክኒኑን ማሸጊያ አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን የፊኛን አንገት ጡንቻም ያጠብቃል። አብሮት የተቀመመው ክሎርፌኒራሚን ደግሞ ፊኛው በደንብ እንዳይጨመቅ ያደርጋል። በሩ ይጠብቃል፣ የሚገፋውም ይደክማል። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ «ሽንት ያስቸግርዎታል ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። እሳቸውም ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እየተነሱ ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዱ «አቦ ክኒን አለ፣ ምን ያስፈራል!» ይላል። ሌላው «ቢላ እንዳይነካዎት» ይላል። ጎረቤታችን ጥቁር አዝሙድ በማር ይዛ መጣች። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁሉም በየፊናው ሲናገር ግራ ስለገባኝ፣ ዋና ዋናዎቹን ጥናቶች ፈልጌ ማታ ማታ ለአጎቴ በአማርኛ እያነበብኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ከዚያ የተረፈኝ ይኸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ የራሴን አቋም ልናገር። «የቱ መድኃኒት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። አንድ ሰው ዛሬ ማታ መተኛት ይፈልጋል። ሌላው ከአራት ዓመት በኋላ ቱቦ እንዳይገባለት ይፈልጋል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶች ናቸው፤ ጥናቶቹም ለየብቻ ነው የሚመልሱላቸው።

ሁለት ነገር ነው የሚያንቀው

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ ነው። የሽንት ቧንቧው በመሃሉ ያልፋል። በወጣትነት 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዕድሜ ሲገፋ እያበጠ ይሄዳል። በ50ዎቹ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ በ80ዎቹ ካሉት ደግሞ አብዛኞቹ ላይ ይገኛል። ይህ እብጠት ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣት መመርመሩና ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ማንሳቱ አይቀርም። በጣት ምርመራው የሚያፍር ብዙ ነው። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ቻሉት።

ሽንቱን የሚያንቀው ግን የዕጢው መጠን ብቻ አይደለም። አንዱ የሥጋው ብዛት ነው። ሌላው በዕጢውና በፊኛው አንገት ላይ ያለው ጡንቻ መጥበቅ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ። ሁለቱ የክኒን ዓይነቶች የሚለያዩት እዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ነጥብ ቁጠሩ

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ባለ 7 ጥያቄ መለኪያ አለ። ሸንተው ሲጨርሱ ያልወጣ የቀረ ይመስልዎታል? ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይመላለሳሉ? እየተቆራረጠ ይወርዳል? አጣድፎዎት መያዝ ያቅትዎታል? አወራረዱ ደክሟል? ለመጀመር ማማጥ አለ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጠዋል። ድምሩ እስከ 7 ከሆነ ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ነው።

አጎቴ 21 አመጡ። «ይህ ፈተና ቢሆን ኖሮ አልፌ ነበር» አሉ።

ከነጥቡ ጋር አራት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የሽንት ምርመራ፣ የስኳር ምርመራ፣ ክሬቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ፣ እና የዕጢውን መጠንና ከሸኑ በኋላ ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን ሽንት የሚለካ አልትራሳውንድ። ሌሊት መመላለስ ሁሉ ፕሮስቴት አይደለም። ስኳርም እንደዚያው ያደርጋል።

ስለ ፒኤስኤ አንድ ምክር ልጨምር። ቱቦ በገባ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን በያዘ ሰሞን አታስመርምሩ። ቁጥሩ ካንሰር ሳይኖርም ከፍ ይልና ቤተሰብ ሁሉ ያለቅሳል። ሳምንታት ጠብቃችሁ አስነሱ።

መጠበቅ ራሱ ምርጫ ነው

ነጥቡ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ወይም መካከለኛ ሆኖ ሰውየው «አልከበደኝም» ካለ፣ መጠበቅ ይቻላል። መጠበቅ ማለት ግን መርሳት አይደለም። ቢያንስ በዓመት አንዴ መታየት አለባቸው።

እዚህ ላይ የሚጠቀሰው በ1995 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። መካከለኛ ምልክት የነበራቸው 556 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ በሽንት ቧንቧ በኩል ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው፣ ግማሹ እየታዩ ጠበቁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከጠባቂዎቹ ከ4ቱ 1 ገደማ ሐሳቡን ቀይሮ ኦፕራሲዮን ገባ። ተገልብጦ ሲነበብ ደግሞ ከ4ቱ 3ቱ ቢላ ሳይነካቸው ሦስት ዓመት ቆዩ ማለት ነው። ያም ሆኖ በጠባቂዎቹ በኩል ነገሩ የተበላሸባቸው ሰዎች ቁጥር ከኦፕራሲዮኖቹ በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ ሁለቱንም ንባብ ይዞ መወሰን የሰውየው ፋንታ ነው።

መጠበቅ የማይፈቀድላቸው አሉ። ሽንታቸው ደጋግሞ የተዘጋ፣ ፊኛቸው ውስጥ ጠጠር የተገኘ፣ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው፣ ደም የሚሸኑና የማያቋርጥላቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሬቲኒናቸው መውጣት የጀመረ። ሌላም አለ፤ እሱ ዝም ብሎ ነው የሚገባው። ሽማግሌ ሰው በድንገት አልጋ ላይ መሽናት ከጀመሩ «አርጅተው ነው» ብላችሁ አትለፉ። ፊኛው ከልክ በላይ ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሕመም የለውም። ኩላሊቱን ግን ከኋላ እየገደለው ነው።

ጫት፣ በርጫና ሽንት

የውጭ አገር መመሪያ ይህን ክፍል አይጽፍላችሁም። እኛ ግን የጫት ገበያው አወዳይ መንገዳችን ላይ ነው።

በ1995 በአንድ የእንግሊዝ የሽንት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንሽ ጥናት አለ። ጤነኛ ወንዶች ጫት ቅመው የሽንታቸው ፍጥነት ተለካ። አማካዩም ከፍተኛውም ፍጥነት ወረደ። ከዚያ የፊኛን አንገት ጡንቻ የሚያላላ ክኒን ሲሰጣቸው ክኒኑ ጫቱ የሚያመጣውን መቀነስ ተከላከለ። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም አሠራሩ ግልጽ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሰውነት ኖርአድሬናሊን እንዲረጭ ያደርጋል። ይህም አፍንጫ ከሚከፍተው ክኒን ጋር አንድ ዓይነት በር ነው የሚቆልፈው። ጤነኛ ወጣት ላይ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። በሩ ከድሮም የጠበበባቸው አባት ላይ ግን ሌላ ነው።

በርጫውን ደግሞ ተመልከቱት። ከምሳ በኋላ ቁጭ ይባላል። ውኃ፣ ሻይ፣ ኮካ፣ እንደገና ውኃ። ሐረር ከሆነ ሆጃም አለ። መቀመጥ ይበዛል፣ ሆድ ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ራሱ ሽንትን ያስቸግራል። ያ ሁሉ የተጠጣው ደግሞ ማታ ይወርዳል። አጎቴ ሌሊት አምስት ጊዜ የሚነሱት በየትኛው ቀን እንደሆነ በደብተር እንዲጽፉ አደረግኳቸው። በሁለት ሳምንቱ ራሳቸው ደብተሩን ዘግተው «ይሄ ያሳፍራል» አሉ። ጫቱን አልተዉም። ሰዓቱን ግን ወደ ቀን አመጡት፣ መጠኑንም ቀነሱ፣ ከመግሪብ በኋላ ሻይ ቀረ። ያለ ምንም ክኒን ከአምስት ወደ ሦስት ወረዱ።

ፈጣኑ ክኒን

ታምሱሎሲን፣ ዶክሳዞሲን፣ አልፉዞሲን፣ ቴራዞሲን የሚባሉት ጡንቻውን የሚያላሉ ናቸው። በቀናት ውስጥ ለውጥ ይሰማል፣ በጥቂት ሳምንት ደግሞ ይለይለታል። ዕጢውን ግን አያሳንሱትም። ከቆመ ችግሩ ይመለሳል።

ቱቦ የገባላቸው ሰዎችም ይጠቀሙበታል። አንድ የአልፉዞሲን ጥናት ላይ ክኒኑን ሁለት ሦስት ቀን ወስደው ቱቦው ሲወጣላቸው ከ100ው 62ቱ ያህል በራሳቸው ሸኑ። ለማወዳደሪያ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ግን 48ቱ ናቸው። ስለዚህ «ቱቦው ነገ ይወጣል» ከተባለ ክኒኑ መጀመሩን ጠይቁ። አጎቴን ቱቦ ይዘው ከድሬ ሐረር እንዲመላለሱ ያደረጋቸው ይህ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ከቱቦ ጋር የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ጉዳቱ ማዞር ነው፤ በተለይ ከተኙበት ድንገት ሲነሱ። የድሬ ሙቀት ላይ ላብ ተጨምሮ ውኃ ካነሰ ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማታ ሲተኙ መውሰድ፣ ሲነሱም አልጋ ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጦ መነሳት ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ዶክሳዞሲንና ቴራዞሲን ግፊትን የበለጠ ያወርዳሉ።

የዓይን ሞራ ሊያስነሱ ቀጠሮ ያላቸው አባቶችም አሉ። እነዚህ ክኒኖች፣ በተለይ ታምሱሎሲን፣ በኦፕራሲዮን ጊዜ የዓይኑን ብሌን ቀለበት ያለሰልሱታል። ክኒኑ ቀደም ብሎ ቢቆምም ይህ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። የዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ይዘጋጅበታል። ካላወቀ ነው ችግሩ።

ሌላም አለ፤ አጎቴ ሲነግሩኝ ወደ ግድግዳው እያዩ ነበር። ታምሱሎሲን ከጀመሩ በኋላ በግንኙነት ጊዜ የሚወጣ ነገር ጠፋባቸው። ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው፣ አደጋም የለውም፣ ክኒኑ ሲቆም ይመለሳል። ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለብቻቸው ሲጨነቁ ከረሙ።

ቀርፋፋው ክኒን፣ ሁለቱም አብረው

ፊናስቴራይድና ዱታስቴራይድ በሌላ መንገድ ይሠራሉ። ዕጢውን የሚያሳድገውን ሆርሞን ይቀንሱና በስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውስጥ መጠኑን በሩብ ገደማ ያሳንሱታል። ለትንሽ ዕጢ እምብዛም አይረዱም። ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር በላይ ለሆነው ግን ዋጋ አላቸው። ወር ወስዶ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ገና አልጀመረም እኮ!

ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን ያስቀመጠው ትልቁ ጥናት በ2003 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። 3,047 ወንዶች ከአራት ዓመት በላይ ክትትል ተደረገላቸው። ነገሩ የባሰባቸውን ስንቆጥር፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ከ100ው 17፣ ዶክሳዞሲን ብቻ ከወሰዱት 10፣ ፊናስቴራይድ ብቻ ከወሰዱት 10፣ ሁለቱን አብረው ከወሰዱት 5 ናቸው። አንዱ ከሌላው እኩል ይመስላል፣ አይደል? ውስጡ ሲታይ ግን ይለያያል። የሽንት መዘጋትንና ኦፕራሲዮንን በዘላቂነት የቀነሰው ፊናስቴራይድ ያለበት ወገን ነው። ዶክሳዞሲን ብቻውን አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

በ2010 የታተመው ሌላው ጥናት 4,844 ወንዶች ነበሩት፤ ዕጢያቸው ከ30 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ ሽንቱ የተዘጋበት ወይም ኦፕራሲዮን የገባ፣ ታምሱሎሲን ብቻ ከወሰዱት ከ100ው 12 ያህል፣ ታምሱሎሲንና ዱታስቴራይድ አብረው ከወሰዱት 4 ያህል ነው። ዱታስቴራይድ ብቻውን ደግሞ 5 ገደማ። እኔ እዚህ ላይ ቆሜ ነው የተረዳሁት። ፈጣኑ ክኒን ለዛሬ ማታ ነው። ቀርፋፋው ለአራተኛው ዓመት።

በተቃራኒው ጥናቶቹ ያለ ሽፋን የሚያሳዩት ጉዳት አለ። በቀርፋፋው ክኒን የወሲብ ስሜትና አቅም ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለቱን አብረው ሲወስዱ ደግሞ ይበዛል። ሚስትም ታውቀው፣ በር ዘግቶ መጨነቅ ምንም አይጠቅምም። ፒኤስኤን ደግሞ በግማሽ ገደማ ያወርዳል። ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ፒኤስኤዎ ጥሩ ነው» ብትባሉ፣ ክኒኑን እንደምትወስዱ ካልተናገራችሁ ቁጥሩ ያታልላል።

የቤት ውስጥ ነገርም ላንሳ። የተሰበረ ወይም የተፈጨ ፊናስቴራይድ እርጉዝ ሴት መንካት የለባትም፤ ለወንድ ፅንስ ጎጂ ነው። አማች ወይም ልጅ ለአባታቸው ክኒን ሲሰብሩ የሚውሉበት ቤት ስለሆነ ነው የምለው።

በቴሌግራም የሚሸጡት እንክብሎች

ሶ ፓልሜቶ የሚባል የዘንባባ ፍሬ ጭማቂ በየቻናሉ ይሸጣል። ዋጋው አይቀመስም። በ2006 በ225 ወንዶች ላይ ለአንድ ዓመት ተሞከረ፤ ከባዶ ክኒን አልተለየም። «መጠኑ አንሶ ነው» ተባለና በ2011 በ369 ወንዶች ላይ እስከ ሦስት እጥፍ ተሰጠ። አሁንም አልተለየም። ጥቁር አዝሙዱን በማር አጎቴ ይበላሉ፤ ይጣፍጣቸዋል። እኔም አልከለከልኩም። የክኒኑን ቦታ እንዳይተካ ብቻ ነው የጠበቅኩት።

ኦፕራሲዮን ሲመጣ

ሁለቱ ዋና መንገዶች እነዚህ ናቸው። አንዱ በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ አስገብቶ ሥጋውን ከውስጥ እየላጉ ማውጣት ነው። ከውጭ ጠባሳ የለውም፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ቱቦው ወጥቶ ቤታቸው ይገባሉ። ሌላው ከእምብርት በታች ተቀዶ፣ ብርቱካን ከልጣጩ እንደሚፈለቀቅ ዕጢውን በጣት ፈልቅቆ ማውጣት ነው። ለትልልቅ ዕጢ፣ ከ80 ሚሊ ሊትር ለሚበልጠው፣ ዛሬም የሚሠራ መንገድ ነው። ጥሩ ያወጣዋል፣ ግን ደም ይፈስሳል፣ አልጋው ይረዝማል። በሌዘር የሚሠራው ለትልቁም ለትንሹም ይሆናል፤ የሚጠይቀው መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ነው።

አንድ ነገር ጠይቁ፦ በቧንቧ የሚሠራው መሣሪያ በሥራው ጊዜ ውስጡን የሚያጥበው በምን ፈሳሽ ነው? አሮጌው ዓይነት ጨው የሌለው ፈሳሽ ይጠቀማል፤ ኦፕራሲዮኑ ሲረዝም ወደ ደም ገብቶ ሶዲየምን ያወርዳል፣ ራስን ያስታል። አዲሱ ባይፖላር የሚባለው በጨው ውኃ ስለሚሠራ ይህ አደጋ የለበትም። ሐኪሙ በጥያቄው አይቀየማችሁም። ከተቀየመም ተቀየመ።

በቧንቧ ከተሠራላቸው ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ዘራቸው ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ይህኛው እንደ ታምሱሎሲኑ ሲቆም የሚመለስ አይደለም። ገና ልጅ የመውለድ ሐሳብ ያለው ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት። «ወንድነት ይጠፋል» የሚለው የሰፈር ወሬ ግን ከዚህ ጋር የተምታታ ነው፤ መቆሙና መውጣቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ገንዘቡንም ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የወር ክኒኑን ዋጋ በ12፣ ከዚያ በ5 አባዙት። ሁለቱንም ክኒን ከሆነ ደግሞ ደምሩ። መድኃኒት ቤቱ በየወሩ ያመጣው እንደሆነም ጠይቁ፤ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሲጠፋ ደግሞ በሩ ይዘጋል። ይህን ሁሉ አስልቶ «ልሠራና ልገላገል» የሚል ሰው ተሳስቷል አልልም።

ካንሰር ከተገኘ ይህ ሁሉ ንጽጽር ይቀየራል። በእንግሊዝ 1,643 ሰዎች በዕጣ ለክትትል፣ ለኦፕራሲዮንና ለጨረር ተመድበው፣ በ15 ዓመት ውስጥ በዚያ ካንሰር የሞቱት በየትኛውም ወገን ከ100ው 3 ገደማ ብቻ እንደነበሩ በ2023 ታተመ። ግን እነዚያ ሰዎች በደም ምርመራ ገና በጊዜ የተገኙ ናቸው። ጀርባው አሞት፣ አጥንቱ ከተበላ በኋላ ለሚመጣ ሰው ይህ ቁጥር አይሠራም።

ኩላሊት የተተከለላቸው አባቶች

ከአጎቴ ወዳጆች አንዱ የሐረር ሰው ናቸው። ኩላሊታቸው ቆሞ ዓመታት በእጥበት ኖሩ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ገደማ። ከዚያ ወንድማቸው ኩላሊት ሰጧቸው። አገራችን ውስጥ ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ኩላሊቱም የሚመጣው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው።

እጥበትና ንቅለ ተከላን ለማወዳደር ከባድ ነው። ለተከላ የሚመረጡት ከድሮም ጠንከር ያሉት ናቸውና። በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን በብልሃት አለፈው፤ የተተከለላቸውን ገና ወረፋ ላይ ካሉት ጋር ብቻ አወዳደረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሞት አደጋው ከወረፋዎቹ በ2.8 እጥፍ ይበልጣል። ከርሞ ግን በ68 በመቶ ያንሳል። መግቢያው ነው የሚከብደው።

ታዲያ ወዳጃችን ተከላው ሠመረላቸው፣ ኩላሊቱ ሽንት ማምረት ጀመረ። ቱቦው ሲወጣ ሽንቱ አልወጣ አለ። ዓመታት ሲሸኑ ስላልነበር ፕሮስቴታቸው ማበጡን ማንም አላወቀም። ደረቅ ወንዝ ላይ ድልድዩ መጥበቡ አይታወቅም፤ የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሲሞላ ነው የሚታየው። ስለዚህ ተከላ የሚጠብቁ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ፕሮስቴታቸው አስቀድሞ ይታይላቸው። ሽንት ጨርሶ የሌለው ሰው ላይ አስቀድሞ ኦፕራሲዮን ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ሽንት የማያልፍበት ቁስል ተጣብቆ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በክኒንና በቱቦ አቆይተው፣ አዲሱ ኩላሊት ከተረጋጋ በኋላ ነው የሚሠሩት።

ክኒን ሲመርጡም ይለያል። እነዚህ ሰዎች አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይጥለው ታክሮሊመስ ወይም ሳይክሎስፖሪን ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ። ሲሎዶሲን የሚባለው የፕሮስቴት ክኒን ከሳይክሎስፖሪን ጋር አይመከርም፣ ኩላሊቱ በጣም ከደከመም አይሰጥም። ፊናስቴራይድ ለኩላሊት ተብሎ መጠኑ አይቀየርም። ዶክሳዞሲን ግፊት ላለበት ሰው ሁለት ሥራ ሊሠራ ይችላል። ለሳል ወይም ለቆዳ ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ነገር ግን ያስፈራኛል። ክላሪትሮማይሲንና የፈንገስ ክኒኖች በደም ውስጥ ያለውን ታክሮሊመስ ከልክ በላይ ከፍ ያደርጉታል፣ የቲቢው ሪፋምፒሲን ያወርደዋል። አንዱ ኩላሊቱን ይመርዛል፣ ሌላው ያስጥላል። የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ሳያውቅ አንዲት ክኒን መጨመር የለበትም፤ ስልኩን ያዙ፣ ከድሬም ከሐረርም መደወል ይቻላል።

እላይ የጠቀስኳቸው ትልልቅ የፕሮስቴት ጥናቶች የተሠሩት ኩላሊት ባልተተከለላቸው ሰዎች ላይ መሆኑንም አትርሱ። ከ100ው 4፣ ከ100ው 12 የሚለውን ቁጥር ለወዳጃችን እንዳለ ገልብጠን መስጠት አንችልም። ለእሳቸው የሚያዩት ቁጥር ክሬቲኒናቸው ነው። ሽንት ሲታፈን መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው።

አጎቴ በመጨረሻ ሁለቱን ክኒን መረጡ። አልትራሳውንዱ 62 ሚሊ ሊትር ብሎ ነበር፤ ለመጠበቅ ትልቅ፣ ለቢላ ደግሞ ገና አልተቻኮሉም። አሁን ሌሊት አንዴ ወይም ሁለቴ ይነሳሉ። ባለፈው ወር እንደገና ጉንፋን ያዛቸውና አብረን መድኃኒት ቤት ሄድን። ልጁ ማሸጊያውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ አጎቴ በጣታቸው ገፋ አድርገው «ፕሮስቴት አለብኝ፤ ይሄ ውስጡ ምን አለው?» አሉት። ልጁ ገልብጦ አነበበና ወደ መደርደሪያው መለሰው።